ጉዳዩ፦ ስለ አንድ ደበሎ (ለከተማችን ሙዚየም የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ)

ለከተማችን ሙዚየም፣ ባላችሁበት።

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ከረማችሁ?

ስማችሁን ሆን ብዬ አልጠራሁም። ሰው በአደባባይ በስሙ ሲወቀስ መጀመሪያ የሚያደርገው ጆሮውን መድፈን ነው፣ እኔ ደግሞ የምፈልገው ጆሯችሁን ነው። ጎጃም ውስጥ ናችሁ፣ ከአስፋልቱም ብዙ አልራቃችሁም፤ ይህን ካልኩ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ሌላው አንባቢ የራሱን ከተማ ሙዚየም እያሰበ ያንብበው። ብዙ የሚለያይ አይመስለኝም።

እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔሽን፣ ጥረዛ። ማመልከቻም እጽፋለሁ፣ በቀን አምስት ስድስት። ስለዚህ የመሥሪያ ቤት አማርኛ አያቅተኝም፤ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብዬ መጀመር እችል ነበር። ግን እንደዚያ የተጻፈ ወረቀት የት እንደሚገባ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ቦክስ ፋይሉንም የምሸጠው እኔ ነኝ።

ወደ ነገሩ ልግባ።

አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ የቅኔ መምህር ነበሩ። ቅኔውን የተማሩት ዋሸራ ነው። ለወጣቱ አንባቢ ልንገረው፦ ቅኔ ሲነሳ ቀድመው የሚጠሩት ቤቶች ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ ናቸው፣ ከሦስቱ ሁለቱ የኛው የጎጃም ናቸው። (ጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ጉራ ነው።) በዚያ ዘመን ቅኔ መማር ማለት ከእናትህ ቤት ጠፍተህ፣ የበግ ቆዳ ለብሰህ፣ የለመንከውን የምትይዝበትን አኮፋዳ አንግተህ፣ ከመንደር መንደር «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልክ፣ ከውሻ ጋር እየታገልክ፣ ቀን የለመንከውን ቁራሽ ማታ ጎጆ ውስጥ ከጓደኞችህ ጋር ተካፍለህ፣ ሌሊቱን ደግሞ ቅኔ ስትቆጥር ማደር ማለት ነው። የዛሬ ተማሪ ዋይፋይ ጠፋ ብሎ ያማርራል።

የበግ ቆዳው ደበሎ ይባላል። ካፖርትም፣ ብርድ ልብስም፣ ፍራሽም፣ የዝናብ ልብስም እሱ ነው። የአያቴ ደበሎ ታዲያ ከሌላው የሚለይበት ምልክት አለው። ግራ ትከሻው ላይ፣ ከነጩ የበግ ጸጉር መሐል፣ መዳፍ የምታክል ጥቁር የፍየል ቆዳ ተጥፋበታለች። ታሪኳን እኛ ቤት የማያውቅ ልጅ የለም። አያቴ ንዳድ ይዟቸው እየተንቀጠቀጡ እሳት ዳር ተኙ። ፍም ዘሎ ትከሻቸው ላይ ወደቀና ደበሎውን በሳው። እሳቸው አልነቁም፤ ጓደኞቻቸውን የቀሰቀሳቸው የሚቃጠለው ጸጉር ሽታ ነው። በማግስቱ ሁልጊዜ ቁራሽ የሚሰጧቸው አንዲት ባልቴት አዩና «ይሄ ልጅ በብርድ ሊያልቅ ነው» ብለው፣ ከታረደ ፍየላቸው ቆዳ ቆርጠው፣ በወስፌ እየበሱ በጅማት ጣፉላቸው። ነጭ ቆዳ አልነበራቸውም፣ ያላቸውን ነው የሰጡት። ከዚያ በኋላ ጉባኤ ቤቱ ውስጥ አያቴን በስማቸው የሚጠራ ጠፋ። «ጥቁር ትከሻ» ሆኑ። አርጅተው፣ እሳቸው ራሳቸው ወንበር ዘርግተው ሲያስተምሩ እንኳ፣ የጥንት ጓደኞቻቸው ሲመጡ «ጥቁር ትከሻ አለ?» ብለው ነበር ከደጅ የሚጣሩት።

በ1999 ዓ.ም.፣ ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ቅርስ ያለው ቅርሱን ለሙዚየም ይስጥ ተብሎ በየቀበሌው ተለፈፈ። አባቴ ደበሎውንና አኮፋዳውን ይዞ መጣ። እኔም አብሬው ነበርኩ። በሞዴል 19 ተረከባችሁን። ወረቀቱ ዛሬም እጄ ላይ አለ፣ ላሚኔት አድርጌዋለሁ፦ «ደበሎ፣ ብዛት 1፣ ሁኔታ ያረጀ። አኮፋዳ፣ ብዛት 1፣ ሁኔታ ያረጀ።» አባቴ የትከሻዋን ታሪክ ለተረካቢው ነገረው። ሰውዬው በትህትና አዳመጠ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ አልጻፈውም። ሞዴል 19 ላይ ለዚህ የሚሆን ሳጥን የለማ።

ዓመታት አለፉ። አባቴም አረፈ። አምና ጥር ላይ አክስቴ ከገጠር መጣች፣ እኛ እቴቴ ነው የምንላት። ሰማንያን አልፋለች። ከአያቴ ልጆች በሕይወት ያለችው እሷ ብቻ ናት። «የአባባን ደበሎ አሳየኝ» አለች።

ቅዳሜ መጣን፣ ዝግ ነው። ሰኞ መጣን፣ ቁልፍ የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት ገባን።

ደበሎው አለ። ለዚህ አመሰግናለሁ፣ ከልቤ ነው። ስንት ቦታ የተሰጠ ዕቃ ተመልሶ እንደማይገኝ አውቃለሁ። አልሸጣችሁትም፣ አልጣላችሁትም፣ አይጥም አልበላውም። ከአኮፋዳው ጋር መስታወት ሳጥን ውስጥ ዘርግታችሁታል። አጠገቡ አንዲት ወረቀት ተለጥፋለች።

«ደበሎ። ከቆዳ የተሠራ ጥንታዊ ልብስ።»

እቴቴ ማንበብ አትችልም። «ምን ይላል?» አለችኝ። አነበብኩላት። ትንሽ ዝም አለች።

«ከቆዳ መሠራቱንማ ማን አጣው? የማን ነው ይላል?»

«የማን እንደሆነ አይልም እቴቴ።»

«እንግዲያው የማንም ነው» ብላ ነጠላዋን አጣፋች። ከዚያ በኋላ ሌላውን ዕቃ ዞራ አላየችም። በር ላይ ካለው አግዳሚ ሄዳ ተቀመጠች።

እኔ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ሳጥኑ የቆመው ከምዕራቡ መስኮት ትይዩ ነው፣ መስኮቱ መጋረጃ የለውም። 9 ሰዓት ላይ ፀሐይ ቀጥታ ገብታ ደበሎው ግራ ትከሻ ላይ ታርፋለች። ጥቁሯ እራፊ ቡናማ ሆናለች። በ1999 ሳስረክብ ጥቁር ነበረች፣ እንደ ቀለም ጥቁር። እንዲህ ከቀጠለ «ጥቁር ትከሻ» የሚለው ስም ከነምክንያቱ በፀሐይ ይታጠባል ማለት ነው። ፎቶ ላነሳት ስልኬን ሳወጣ ጥበቃው «ፎቶ ክልክል ነው ጋሼ፣ ብርሃኑ ቅርሱን ይጎዳል» አለኝ። ልጁ እንዲል የታዘዘውን ነው ያለው፣ አልፈርድበትም። ብርሃን እንደሚጎዳም እውነቱን ነው። ለብራና፣ ለጨርቅ፣ ቀለም ለተነከረ ቆዳ ሙዚየሞች የሚመክሩት የብርሃን መጠን 50 ሉክስ ያህል ነው፤ ደብዘዝ ያለ የማታ ክፍል በሉት። በመስኮት የምትገባው የጥር ፀሐይ ደግሞ ከዚያ በመቶ እጥፎች ትበልጣለች። ፍላሹ የጠፋ ስልክ የሚጨምረው ብርሃን የለም፣ ያለውን ብርሃን ነው የሚቀበለው። እኛን ከስልካችን ከለከላችሁ፣ ፀሐይን ግን በየቀኑ በነጻ ታስገባላችሁ።

ከደበሎው ፊት ለፊት ጋሻዎች አሉ። ሰባት ቆጠርኩ። ለሰባቱም አንድ ወረቀት፦ «ጋሻ። የአባቶቻችን የጦር መሣሪያ።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የደበሎው ነገር የእኔ ቤት ጉዳይ ነው ብትሉኝ ጋሻው ግን የሁላችን ነው። ጎጃም ውስጥ «የአባቶቻችን ጋሻ» ማለት ምን ማለት ነው? ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የነገሡት በ1873 ነው። በዓመቱ፣ በ1874፣ እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጦር ጋር ተዋግተው ተማረኩ። ጋሻው የእምባቦ ከሆነ ያነሳው ሰው ፊት ለፊቱ የቆመው የገዛ አገሩ ልጅ ነው። በ1880 ሳር ውኃ ላይ ከሱዳን ከመጣው የደርቡሽ ጦር ጋር ተዋግተው ጎጃሞች ክፉኛ ተጎዱ። ጋሻው የሳር ውኃ ከሆነ ምናልባት ባለቤቱ ሳይመለስ ጋሻው ብቻ የተመለሰ ነው። በ1888 ደግሞ ያው ንጉሥና ያው የጎጃም ሰው፣ እምባቦ ላይ ከማረካቸው ምኒልክ ጎን ተሰልፈው፣ አድዋ ዘመቱ። አስቡት! አንዱ ጋሻ ሦስቱንም አይቶ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያውቅ ልጅ ጋሻውን ሲያይ ቆሞ ያስባል፣ ይጠይቃል፣ ምናልባት ከጓደኛው ጋር ይጨቃጨቃል። «የአባቶቻችን የጦር መሣሪያ» የሚለውን ያነበበ ልጅ ግን ያልፋል። አለፈም፤ እኛ እያለን የትምህርት ቤት ልጆች በሰልፍ ገብተው በአራት ደቂቃ ወጡ።

ጠመንጃዎቹም እንደዚያው ናቸው። ውጅግራ አለ፣ ምንሽር አለ። በላያቸው «የአርበኞች ጠመንጃ» ይላል። የየትኛው አርበኛ? በላይ ዘለቀን የመሰለ ጀግና በወጣበት፣ ያን ጀግና ደግሞ ጣልያን ሳይሆን የራሱ መንግሥት በ1937 በሰቀለበት አገር፣ «አርበኛ» የሚለው ቃል እንዲህ ባዶውን ሊቆም አይገባውም። ደግሞ ይቅርታ አድርጉልኝና ባንዳም ጠመንጃ ነበረው። የማን እንደሆነ ካልተጻፈ ሁለቱም አንድ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ቢሆንስ?

ይህን ሁሉ አይቼም ዝም ልል ነበር። ዝም ያላስባለኝ ሰኔ ላይ ሱቄ የመጣ አንድ ልጅ ነው።

መመረቂያ ጽሑፉን ሊያስጠርዝ ነው የመጣው። አምስት ኮፒ፣ ጠንካራ ሽፋን፣ በወርቅማ ፊደል። ገጾቹን ሳስተካክል (ደንበኞቼ ይቅር ይበሉኝ፣ ጠራዥ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ያነባል) 63ኛው ገጽ ላይ ባለ ቀለም ፎቶ አየሁ። ደበሎ። ግራ ትከሻ። እራፊ። እጄ ቆመ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፣ የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ እንደ ጥር ውኃ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ቢሆንም ገባኝ። ንዳዱ አለ። እሳቱ አለ። ባልቴቷ አሉ፣ ፍየሏ አለች፣ ጅማቱ አለ። «ጥቁር ትከሻ» እንኳ በላቲን ፊደል ተጽፎ አለ። ልጁ እቴቴ ዘንድ ድረስ ሄዶ ጠይቋታል፣ እሷንም «መረጃ ሰጪ 7» ብሏታል።

«እንዴት አገኘሃት?» አልኩት።

«ሙዚየሙ መዝገቡን አሳይተውኝ ነው። የሰጪው ስምና ቀበሌ ተጽፏል» አለኝ።

«ጽሑፉንስ ለነሱ ትሰጣለህ?»

«አዎ፣ አንዱ ኮፒ የነሱ ነው። ቢሮ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡታል።»

ልብ በሉልኝ። ስሙ መዝገባችሁ ውስጥ አለ። ታሪኩ መደርደሪያችሁ ላይ አለ። ደበሎው ሳጥናችሁ ውስጥ አለ። ከሳጥኑ እስከ መደርደሪያው ሃያ እርምጃ አይሞላም። ያን ሃያ እርምጃ የሚሄድ ሰው ጠፍቶ ነው እቴቴ «የማንም ነው» ብላ የወጣችው።

ይህ ደብዳቤ ሌላ ነገር አይጠይቅም። ያላችሁን አውጡት ነው የሚለው። አዲስ ሕንጻ ሥሩ፣ ከውጭ ባለሙያ አምጡ አላልኩም።

ልጁን አልወቅሰውም፣ እንዲያውም ኮፒውን በግማሽ ዋጋ ነው የሠራሁለት። በእንግሊዝኛ የጻፈው ሕጉ ስለሚያስገድደው ነው። ግን እናንተ ታስገድዱት ዘንድ ማን ከለከላችሁ? መዝገባችሁን ስታሳዩ አንድ ቃል አስገቡት፦ «ስትጨርስ ሁለት ገጽ በአማርኛ ጽፈህ ታመጣለህ፣ አንድ ከሰዓትም እዚሁ አዳራሽ መጥተህ ለሰው ትናገራለህ።» በቃ። በዓመት አሥር ተማሪ ቢመጣ አሥር ከሰዓት ነው። ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ፣ ቡና ይፈላል፣ ልጁ የተሳሳተውን እዚያው ያርሙታል። ማረማቸው ደግሞ አይቀርም፤ የጎጃም ሽማግሌ ፊት ስለ ጎጃም የተናገረ ያውቀዋል።

የባሰም አለ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረ ሥራ ነበር፣ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሳት። ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሥተዋል። ቅጂዎቹ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ በበረዶ አገር በአንድ የካቶሊክ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል፣ ብዙዎቹንም ዛሬ በነጻ በኢንተርኔት ማየት ይቻላል። እኔ ሱቄ ቁጭ ብዬ፣ ዳታ ሞልቼ፣ አሜሪካ ያለውን የኢትዮጵያ ብራና አጉልቼ ቀዳዳውንና ስፌቱን ሳይቀር አያለሁ። ከሱቄ አሥር ደቂቃ በእግር የሚያስኬደውን የእናንተን ብራና ግን ፎቶውን እንኳ ማየት አልችልም። መንገድ እንደልብ በማይሆንበት በዚህ ዘመን ደግሞ ከአዲስ አበባ፣ ከውጭ ያለው የጎጃም ልጅስ ምን ይበል?

አትውሰዱብኝ እንጂ አባቶቻችን ከእናንተ ይሻሉ ነበር። የድሮ ብራና ገልጣችሁ ታውቃላችሁ፣ ሥራችሁ ነው። መጀመሪያው ወይም መጨረሻው ላይ ምን ይጻፋል? ያጻፈው ሰው ስም፣ የጻፈው ሰው ስም፣ ለየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደተሰጠ። ከዚያ ይከተላል፦ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዝ ለይኩን።» የሰረቀው ብቻ አይደለም የሚወገዘው፣ የፋቀውም ነው። ለምን የፋቀው? መጽሐፉ ስሙ ከተፋቀ ገበያ ላይ የተገኘ ቆዳ ስለሚሆን ነው። ዕቃን ከሰጪው ስም መለየት እኩል ጥፋት መሆኑን ያን ጊዜ ያውቁት ነበር። (እናንተን ማውገዜ አይደለም። ሥልጣኑም የለኝም።)

ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሄደ ሰው ደግሞ አይቷል። የቤተ ክርስቲያኑ ዘውዶችና መጻሕፍት እዚያው ግቢ ውስጥ በሙዚየም ይታያሉ፣ ፈረንጁም ገበሬውም ያያቸዋል። እንጅባራም ይኸው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ጀምሮ የአድዋን ፈረስና ፈረሰኛ የሚያስታውስ ማኅበር ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ፈረሱ ተሸልሞ፣ ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ ዛቡ ሁሉ ሜዳ ላይ ይወጣል። ያ ዕቃ በመስታወት አልታጠረም፤ ሆኖም የየትኛው ቤት ኮርቻ እንደሆነ የማያውቅ የለም።

ስለ ሕግ ብዙ አልናገርም፣ እናንተ ታውቁታላችሁ። ቅርስን መንከባከብ የመንግሥት ኃላፊነት እንደሆነ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ አለ። አንቀጽ 91 ደግሞ የታሪክ ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ ነው ይላል፣ ስለዚህ እኔም አለሁበት። የቅርስ አዋጁ 209/1992 ነው፣ ሱቄ ውስጥ ኮፒው አለ፣ ያጣ ይምጣ። ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤትም በ2022 እ.ኤ.አ. የሙዚየምን ትርጉም ሲያሻሽል ለኅብረተሰቡ የቆመ፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ብሎ ነው የጻፈው። በየዓመቱ ግንቦት 10 የሙዚየም ቀን ብላችሁ ባነር ታሳትማላችሁ። የማሳትምላችሁ እኔ ነኝ። ባነሩ ላይ «ሙዚየማችን ለሁላችን» ይላል።

የእናንተንም ችግር እንዳላውቅ አታድርጉኝ። በጀት የለም። ደመወዙን አውቃለሁ፣ የብድር ፎርማችሁን የምሞላው እኔ ነኝ። መጋዘን ውስጥ ካለው ዕቃ ለእይታ የወጣው ጥቂቱ እንደሆነ፣ ለቀረው ቦታም ሳጥንም እንደሌለ ልጁ ነግሮኛል። ሌባም ያስፈራችኋል። «ፎቶውን ካወጣነው ሌባ ይመጣበታል» አለኝ አንድ ባልደረባችሁ፣ ቡና እየጠጣን። ፍርሃቱ ባዶ አይደለም፣ ቅርስ ይሰረቃል። እኔ ግን በተቃራኒው ነው የማየው። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ተሰርቆ፣ ባሕር ተሻግሮ ቤልጅየም ገብቶ፣ በ1993 ተመለሰ። ያ መስቀል ሁሉም የሚያውቀው መስቀል ነው፣ የትም ቢሄድ «ይሄማ የላሊበላ ነው» የሚል አይጠፋም። የእናንተ ሰባት ጋሻ ነገ አዲስ አበባ ቅርጻ ቅርጽ ቤት ቢገኝ ማን «የኛ ነው» ይላል? በምን ምልክት? ፎቶው በሺህ ሰው ስልክ ላይ ያለ ጋሻ ይከብዳል ለመሸጥ።

ስለዚህ በትንሹ እንጀምር። የቴሌግራም ቻናል ክፈቱ፣ በሳምንት አንድ ዕቃ ልቀቁ። ፎቶው፣ የሰጪው ስም (ቤተሰቡ ከፈቀደ)፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚወራበት። የማታውቁት ካለ «ይህን የሚያውቅ ይንገረን» በሉ፣ ማፈር የለም። ጋሻዎቹን በዚህ መንገድ አውጧቸው። ሰው ዝም አይላችሁም። የጎጃም ሰው «ይሄ የአያቴ ጋሻ ምልክት ነው» ብሎ ከቢቸናም ከዳንግላም ይደውላል። ከሚደውለው ግማሹ ይዋሻል፣ ግድ የለም፣ ማጣራት ነው ሥራችሁ።

ቅዳሜን ክፈቱ። ይህን ለብቻው የምጽፈው ከሁሉ ቀላሉና ከሁሉ የሚያናድደው ስለሆነ ነው። ዕቃዎቹ በሙሉ ከገጠር የመጡ ናቸው፣ የገጠር ሰው ከተማ የሚገባው በገበያ ቀን ነው፣ ገበያችን ቅዳሜ ነው፣ እናንተ ቅዳሜ ዝግ ናችሁ። ደበሎውን የሰጠው ገበሬ ደበሎውን ለማየት ከቢሮ ሰዓት ጋር መሮጥ አለበት ማለት ነው። ሰኞን ዕረፍት አድርጉት፣ ሰኞ ማንም አይመጣም፣ እኔ ራሴ አይቻለሁ። አህያ ማሰሪያም አጥሩ ሥር ቢኖር... እሺ፣ እሱ ይቆይ።

ወረቀቶቹን እኔ በነጻ አትማለሁ። መግለጫውን እናንተ ጻፉ፣ ወይ ልጁ ይጻፈው፣ እኔ በትልቅ ፊደል፣ ለሽማግሌ ዓይን በሚሆን፣ በማያንጸባርቅ ወረቀት አወጣዋለሁ። ለመጀመሪያዎቹ ሃያ ዕቃዎች ቃል ገብቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ቀለሙን ብቻ ትከፍላላችሁ። የደበሎውን ግን ጽፌ ጨርሻለሁ። እቴቴ ባለፈው ሳምንት በስልክ ሰምታ አርማኛለች፦ ባልቴቷ ፍየሉን ያረዱት ለአስተርዮ ማርያም ነው፣ ይህን ጻፍ ብላለች። ጽፌዋለሁ። የባልቴቷን ስምም ታውቀዋለች፣ ቤተሰቦቻቸውን ጠይቀን ከፈቀዱ እሱም ይገባል።

የፊታችን ቅዳሜ እቴቴ ለገበያ ትመጣለች። 8 ሰዓት ላይ በራችሁ ላይ እንሆናለን። መስኮቱን ባለፈው ከውጭ ለክቼዋለሁ፣ ቁመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ40 ነው። መጋረጃውን ገዝቻለሁ፣ ወፈር ያለ ጥቁር ጨርቅ። ዘንጉንና ሚስማሩንም ይዣለሁ። ቁልፉን የያዘው ሰው ብቻ ይምጣ፣ ከተቻለም መሰላል።

አክባሪያችሁ፣
ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት